ትልቁ ሳቅ የሚመጣው ወንድሜ ባለቀሰበት ቦታ ላይ ነው

ጥያቄ፦

ሰላም እህቴ። ዓምድሽን ብዙ ጊዜ አነባለሁ፣ እኔም እጽፍልሻለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። የ31 ዓመት ሴት ነኝ። ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ሆነን ሙዚቃዊ ቲያትር ሠርተናል። ታሪኩንና ግጥሙን እኔ ጻፍኩ፣ ዜማውን እሱ ሠራ። አራት ዓመት ፈጅቶብናል። መድረክ ላይ ከወጣ አሁን ሦስት ሳምንት ሆነው።

ታሪኩ ስለ አንድ የ16 ዓመት ልጅ ነው። ትምህርት ቤት ይቀይራል፣ ጓደኛ ያጣል፣ ቀስ በቀስ ክፍሉን ዘግቶ መቀመጥ ይጀምራል። በመጀመሪያው ክፍል መሀል ላይ መስታወት ፊት ቆሞ የሚዘፍነው ዘፈን አለ። በማግስቱ ትምህርት ቤት ለሆነ ልጅ የሚናገረውን ነው የሚለማመደው። «ሰላም፣ አዲስ ነኝ፣ እዚህ ጋ መቀመጥ እችላለሁ?» ይላል። በወፍራም ድምፅ ይሞክራል፣ በቀጭን ይሞክራል፣ እየሳቀ ይሞክራል፣ ግድ የሌለው መስሎ ይሞክራል። መጨረሻ ላይ ያለቅሳል።

ያ ዘፈን የወንድሜ ነው። እሱ 15 ዓመቱ እያለ አንድ ማታ በክፍሉ በር ሳልፍ ሰማሁት። እነዚያኑ ቃላት ነበር የሚለው። ከዚያ ሲያለቅስ ሰማሁ። በሩን አላንኳኳሁም። ለማንም አልተናገርኩም፣ ለራሱም ቢሆን። አሁን 19 ዓመቱ ነው። ቲያትሩ ውስጥ ስሙንም፣ ቤተሰቡንም፣ ሁሉንም ቀይሬያለሁ፣ መስታወቱን ግን አልቀየርኩም።

ተመልካቹ ቲያትሩን ወዶታል። ግን ከቲያትሩ ሁሉ ትልቁ ሳቅ የሚመጣው እዚያ ዘፈን ላይ ነው። አዳራሹ ይናጋል። ልጁ ሲያለቅስ ደግሞ ሰው እያጨበጨበ ስለሆነ ለቅሶው አይሰማም።

ወንድሜ ቲያትሩ በተመረቀበት ዕለት መጥቶ ነበር። ሰው ሁሉ ሲስቅ ዞሬ ፊቱን ማየት ፈራሁ። ሲያልቅ አቅፎኝ «ጥሩ ነው፣ ጎበዝ» አለኝና ሄደ። ከዚያ ወዲህ ስደውልለት ያነሳል፣ ግን ከሁለት ቃል አያልፍም። እናታችን ስለ መስታወቱ የምታውቀው ነገር የለም፣ መኮራረፋችንን ብቻ አይታ «ተዪው፣ ያልፍለታል» ትለኛለች።

አዘጋጃችን ደግሞ ሳቁን ስላየ ዘፈኑ እንዲረዝምና ሁለተኛው ክፍል ላይ እንዲደገም ይፈልጋል። ለማስታወቂያም ያችኑ ቁራጭ ቀርጸን እንልቀቅ ብሏል። በሚቀጥለው ሳምንት መልስ ይጠብቃል።

አስተያየቱም አለ። አንዲት ልጅ መውጫው ላይ ጠብቃኝ «እኔም መስታወት ፊት እለማመዳለሁ» ብላኝ ሮጠች። አንድ አባት ደግሞ «ይሄ ልጅ ትንሽ ቢቆነጠጥ ኖሮ ቲያትሩ በአሥር ደቂቃ ያልቅ ነበር» ብሎ ጻፈ፣ ብዙ ሰውም ወደደለት። «ሁለተኛው ክፍል ተንዛዛ» የሚሉም አሉ። ሌሊቱን ስልኬ ላይ ይሄን ሳነብ አድራለሁ።

ዘፈኑን ላውጣው? የጓደኛዬ ምርጥ ዜማ ነው፣ ሃያ ሰው የለፋበት ሥራ ነው። ለወንድሜስ ልንገረው? ምናልባት ራሱን ጭራሽ አላወቀ ይሆናል፣ ያኔ የማቆስለው እኔው ነኝ ማለት ነው። ዝም ልበል?

ከበሩ ውጪ የቆመችው

መልስ፦

እህቴ፣ ሰላም ላንቺ ይሁን። ስለ ሳቁ ብዙ ጽፈሻል፣ ስለ አዘጋጁም፣ ሌሊት ስለምታነቢውም። ስትፈርሚ ግን «ከበሩ ውጪ የቆመችው» አልሽ። ደብዳቤሽን አንብቤ ስጨርስ ልቤ ውስጥ የቀረው እሱ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ መድረክ አጠገብ ሆነሽ፣ ልብሽ ግን ከአራት ዓመት በፊት የቆምሽበት በር ላይ ነው።

እና ሁለት ጉዳይ አንድ ላይ ተጠላልፈውብሻል። አንደኛው የመድረክ ጉዳይ ነው። ዘፈኑ ምን እየሠራ ነው፣ ሰው ለምን ይስቃል የሚለው። ሁለተኛው የወንድምሽ ጉዳይ ነው። የመጀመሪያው በልምምድ ይስተካከላል። ሁለተኛውን ግን ዘፈኑን ብታወጪውም ብታስቀሪውም እዚያው ታገኚዋለሽ።

ከሳቁ ልጀምር፣ ምክንያቱም እሱን እንደ ፍርድ የወሰድሽው መሰለኝ።

አዳራሽ ውስጥ ሰው የሚስቀው ስላሾፈ ብቻ አይደለም። ስላፈረ ይስቃል። ስለጨነቀው ይስቃል። ጎኑ ያለው ስለሳቀ ይስቃል፣ ለዚህም ነው ሙሉ አዳራሽ ግማሹ ባዶ ከሆነ አዳራሽ ይልቅ የሚስቀው። ራሱን ስላየም ይስቃል። ያች መውጫው ላይ የጠበቀችሽ ልጅ እኮ ከሳቁት አንዷ ልትሆን ትችላለች። ምናልባት በጣም የሳቀችው እሷ ናት። ከዚያ መጥታ፣ ለማንም ነግራው የማታውቀውን ነገር ለማታውቅሽ ላንቺ ነግራሽ ሮጠች። እኔ እሷን በጣም ነው የምወዳት፣ ይሄን ስጽፍም እሷን እያሰብኩ ነው።

ስለዚህ ከመወሰንሽ በፊት አንድ ነገር አድርጊ። የሚቀጥለው ትዕይንት ላይ በጎን በኩል ግድግዳውን ተደግፈሽ ቁሚና መድረኩን ተዪው፣ ሰውን እዪ። ሳቁ የሚጀምረው የት ነው? ቃሉ ላይ ነው ወይስ ተዋናዩ ድምፁን ሲቀይር? መጀመሪያ የሚስቁት እነማን ናቸው፣ ልጆቹ ናቸው ወይስ ወላጆቹ? ሲያበቃስ ፊታቸው ምን ይመስላል? እኔ ብዙ ዓመት አዳራሽ ውስጥ ስቀመጥ ያስተዋልኩት፣ ራሱን ያየ ሰው ሳቅ ትንሽ ዘግየት ብሎ ይመጣና ቶሎ ይከስማል፣ ሰውየው ከዚያ በኋላ ዝም ብሎ ይቀመጣል። የተዋናዩ ሁኔታ ያመጣው ሳቅ ግን ወዲያው ይፈነዳል፣ ይደገማል፣ ሰውም ወደ ጎኑ እየዞረ ይስቃል። ሁሌም እንደዚህ ነው አልልሽም። ግን ለማየት ይረዳሻል።

ሌላም ልጠይቅሽ። መጀመሪያ ጽሑፉን ቁጭ ብላችሁ ስታነቡት፣ ያ ቦታ ላይ ሰው ይስቅ ነበር? የመጀመሪያው ሳምንት ሳቅና የአሁኑ ሳቅ እኩል ነው? ይሄን የምጠይቅሽ ለምን መሰለሽ፣ ተዋናይ ሰው ነው፣ ሳቅ ደግሞ ይጣፍጣል። በተለይ ወጣት ከሆነ። አንድ ቀን ቀጭኗን ድምፅ ትንሽ ሲያቀጥናት ሰው ሳቀ፣ በማግስቱ ይጨምርባታል፣ ከዚያ ሳቁ እስኪያልቅ ቆም ብሎ መጠበቅ ይለምዳል። ማንም ሳያስበው፣ በሦስት ሳምንት ውስጥ፣ የፈራ ልጅ ይዘፍነው የነበረ ዘፈን ድምፅ የሚቀያይር ቀልደኛ ዘፈን ሆኖ ቁጭ ይላል። ጥፋተኛ ፍለጋ አይደለም ይሄ። በመድረክ ሥራ ላይ በየጊዜው የሚሆን ነገር ነው፣ አዘጋጁ ቁጭ ብሎ ካነጋገረውም ይመለሳል።

አሁን ወደ ጭብጨባው ልምጣ። ሲያለቅስ ሰው እያጨበጨበ ስለሆነ አይሰማም ያልሽውን ደጋግሜ አነበብኩት። ተመልካቹ ጨካኝ ሆኖ አይደለም፣ እመኚኝ። ዘፈኑ እንዴት ነው የሚያልቀው? እኔ እንደምገምተው ሙዚቃው ጠንከር ብሎ ይዘጋል፣ ተዋናዩ ባለበት ቀጥ ይላል፣ መብራቱ ይቀየራል። ሙዚቃዊ ቲያትር ላይ እነዚህ ነገሮች ሲገናኙ ተመልካቹ «አሁን አጨብጭብ» እንደተባለ ነው የሚሰማው። የለመደው ነው፣ እጁ በራሱ ይነሳል። ጭብጨባውን የጠራው የዘፈኑ አዘጋግ ነው ማለት ነው። እንግዲያው ዘፈኑን አትዝጉት። ጓደኛሽ የመጨረሻዋን ኖታ ሳያሳርፍ ይተዋት። መብራቱ ባለበት ይቆይ። ልጁ ወደ ተመልካቹ ሳይዞር መስታወቱን እያየ ይቅር። ሰው እጁን ሊያነሳ ሲል የሚያጨበጭብበትን ነገር ያጣና ጸጥ ይላል፣ ያኔ ለቅሶው ይሰማል። ከዚያ በፊት ቢስቁም ይሳቁ። ስቆ የነበረ ሰው ያንን ለቅሶ ሲሰማ ምን እንደሚሆን አንቺ ከኔ በላይ ታውቂያለሽ፣ ለዚህ ነው መጀመሪያውኑ የጻፍሽው።

አዘጋጁን በዚህ መልክ አናግሪው። «ዘፈኑ ይውጣ» ብለሽ ከጀመርሽ ክርክር ነው የሚሆነው። «ሁለት ትዕይንት ላይ መጨረሻውን እንዲህ እንሞክረው» ካልሽው ግን ሥራ ነው፣ እምቢ የሚልበት ምክንያት አይኖረውም። ማርዘሙን በተመለከተ የኔን ሐሳብ ከፈለግሽ፣ አልስማማም። ከረዘመ ሰው ሳቁን መጠበቅ ይለምዳል፣ ልጁን ማየት ይተዋል። ሁለተኛው ክፍል ላይ መድገሙ ግን ሌላ ነገር ነው፣ ጥሩ ሊሆን ይችላል። ያችው ዓረፍተ ነገር አንዴ ብቻ፣ ያለ ሙዚቃ፣ በራሱ ድምፅ፣ ፊቱ ለቆመ እውነተኛ ሰው ቢናገራትስ? ቀደም ብሎ የሳቀ ሰው ሁሉ የሚያስታውሳት ይመስለኛል። ይሄ ሁሉ ግን ወንድምሽን ካናገርሽ በኋላ ነው።

የማስታወቂያውን ነገር ግን ቆፍጠን ብለሽ እምቢ በይ። ቢያንስ ለአሁኑ። ከታሪኩ ተቆርጦ ሲወጣ ያ ዘፈን ድምፁን እየቀያየረ የሚያስቅ ልጅ ብቻ ነው፣ ለቅሶው ስልክ ላይ አይደርስም። አንዴ ከተለቀቀ ደግሞ የሚመልሰው የለም። ለአዘጋጁ ምክንያት መስጠት ካለብሽ «ቁራጩ የታሪኩን መልክ ያበላሸዋል» ይበቃል። የወንድምሽን ነገር ለእሱም፣ ለተዋናዩም፣ ለጓደኛሽም እንዳትነግሪ አደራ። ሊያሳምንልሽ ይችላል፣ አውቃለሁ። ግን ያ ታሪክ ወንድምሽ ራሱ ሳይሰማው ለሌላ ሰው እንደገና እንዳይነገር።

ስለ አስተያየቶቹ ብዙም አልልም። ልዩ ልዩ ሰው የተቀመጠበት አዳራሽ አንድ ድምፅ እንዲሰጥሽ አትጠብቂ። እ.ኤ.አ. በ1988 ብሮድዌይ ላይ፣ ማለትም በኒውዮርክ ትልልቅ ቲያትር ቤቶች መንደር፣ «ኬሪ» የሚባል፣ ትምህርት ቤት ስለሚሳለቁባት ልጅ የተሠራ ሙዚቃዊ ቲያትር ነበር። በአንድ አዳራሽ ውስጥ ግማሹ በጩኸት ሲቃወም ግማሹ ቆሞ ያጨበጭብ ነበር። ከምረቃው በኋላ 5 ጊዜ ብቻ ታይቶ ወረደ። እ.ኤ.አ. በ2012 ግን ተከልሶ በትንሽ አዳራሽ እንደገና ታየ። «ቢ ሞር ቺል» የሚባለው ደግሞ፣ እሱም ስለ አንድ ጎረምሳ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2015 አሜሪካ፣ ኒው ጀርሲ ውስጥ ለአጭር ጊዜ ታይቶ አለቀ። በኋላ ወጣቶች የዘፈኖቹን ቅጂ ኢንተርኔት ላይ አግኝተው እየተቀባበሉት ብሮድዌይ የገባው በ2019 ነው። ይሄን የምነግርሽ የሦስት ሳምንት አስተያየት ስለ ሥራሽ የመጨረሻውን ቃል እንደማይናገር እንድታዪው ነው።

ያ አባት የጻፈው እንደሚያም ይገባኛል፣ በተለይ የወንድምሽን ለቅሶ ለሰማሽው ላንቺ። አትመልሺለት። ሁለተኛው ክፍል ተንዛዛ የሚለውን ግን ጆሮ ስጪው፣ እሱ ስለ ሥራው ነው የሚያወራው። ግድግዳውን ተደግፈሽ ስትቆሚ እሱንም እዪ፣ ሰው የሚያስለውና ወንበሩ ላይ የሚገላበጠው የት ቦታ ነው? ሦስት ቀን አንድ ቦታ ላይ ከሆነ እዚያ ጋ ቀንሱ። ሌሊት ማንበቡን ደግሞ ተዪው እባክሽ። ለምታምኚው አንድ ሰው ስጪው፣ በሳምንት አንዴ ጠቃሚውን ለይቶ ይንገርሽ።

የልጆቹን ስሜት በደንብ ማወቅ ከፈለግሽ ሌላ መንገድ አለ። ሊዝ ለርማን የተባለች አሜሪካዊት የዳንስ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1990 ያወጣችው የውይይት ዘዴ ነው። ስምንት ወይም አሥር የሚሆኑ በዚያ ዕድሜ ያሉ ልጆች ትዕይንቱን አይተው ይቆዩ። መጀመሪያ ምን እንደነካቸው፣ ምን እንደቀረባቸው ብቻ ይናገራሉ። ከዚያ አንቺ ጥያቄሽን ትጠይቂያቸዋለሽ። ቀጥሎ እነሱ ይጠይቁሻል፣ ፍርድ የሌለበት ጥያቄ። አስተያየት የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፣ እሱም «ስለ መስታወቱ ዘፈን የማስበው ነገር አለኝ፣ ልናገር?» ብለው አንቺ እሺ ካልሽ። ልጆች በዚህ መንገድ ሲጠየቁ የሚናገሩትን ስትሰሚ ትገረሚያለሽ።

አሁን ወደ ወንድምሽ።

ዝምታውን አንድ ትርጉም ብቻ ሰጥተሽዋል፣ በሳቁ ተጎዳ የሚል። ሊሆን ይችላል። ግን ሌላም አለ። ምናልባት ጭራሽ ራሱን አላወቀም፣ የተያዘበት ሌላ ነገር ነው፣ የ19 ዓመት ልጅ ስንት ነገር አለበት። ምናልባት አወቀ፣ ቅር ሳይለው ግን ምን እንደሚልሽ ጠፋው። ወይም ደግሞ፣ እና ይሄን ስጽፍልሽ እያመመኝ ነው፣ የጎዳው ሳቁ አይደለም። እዚያ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ «ይሄንን እንዴት አወቀች?» ብሎ አሰበ፣ መልሱንም አገኘ። ያን ማታ ከበሩ ጀርባ እንደነበርሽ። ሰምተሽ እንዳለፍሽ። ከዚያም ለእሱ ሳትነግሪው ለአዳራሽ ሙሉ ሰው እንደነገርሽው።

ይሄን የምልሽ ልወቅስሽ አይደለም። አንቺም እኮ ያኔ የ27 ዓመት ወጣት ነበርሽ፣ ወንድምሽ ሲያለቅስ ምን እንደምትዪው አላወቅሽም። የአንድ ጎረምሳን በር ማንኳኳት ቀላል አይደለም፣ ብታንኳኪ ያፍር እንደነበር ፈርተሽ ይሆናል። ብዙዎቻችን እንደዚያ ያለፍነው በር አለ። እኔም አለኝ። አንቺ ግን አልረሳሽውም፣ አራት ዓመት ስትጽፊው ኖርሽ። ያ ቲያትር በሙሉ ዘግይቶ የመጣ ማንኳኳት ይመስለኛል። ችግሩ በሩ ላይ ከመድረሱ በፊት መድረክ ላይ መድረሱ ነው።

ስለዚህ ልንገረው ወይ ለሚለው መልሴ አዎ፣ ንገሪው ነው። አላወቀ ይሆናል ያልሽውን አስቤበታለሁ። ዛሬ ባያውቅ ነገ ያውቃል። ቲያትሩ ተወዷል፣ እንደገና ያየዋል፣ አንድ ጋዜጠኛ ሐሳቡን ከየት አመጣሽው ብሎ ይጠይቅሻል። ያኔ ከሚሰማው ካንቺ ቢሰማው አይሻልም?

በስልክ አይሁን፣ በጽሑፍም አይሁን። ቲያትር ቤቱ አካባቢም አይሁን፣ እዚያ አንቺ ደራሲ ነሽ፣ እሱ ተመልካች። ጎን ለጎን የምትሄዱበት ነገር ይሻላል፣ በእግር መሄድ ወይ መኪና ውስጥ፣ ፊት ለፊት መተያየት ሳያስፈልጋችሁ። አጭር አድርጊው። ለምሳሌ እንዲህ ብትዪውስ፣ «15 ዓመትህ እያለ አንድ ማታ መስታወት ፊት ስትለማመድ ሰማሁህ። ከዚያ ስታለቅስ ሰማሁ። መግባት ነበረብኝ፣ አልገባሁም። ቲያትሩ ላይ ያለው ዘፈን ከዚያ ነው የመጣው። ሳልጠይቅህ ነው የጻፍኩት፣ ይቅርታ አድርግልኝ።» እዚህ ላይ አቁሚ። ስሙን ቀይሬዋለሁ፣ ሰው አያውቅህም፣ ልጆች እየመጡ ያመሰግኑኛል፣ እነዚህን ሁሉ አታስከትዪ። እውነት ናቸው፣ ግን በዚያች ደቂቃ ስለ ራስሽ መከላከያ ነው የሚሆኑት። ዝም ካለ አብረሽው ዝም በይ። ከተቆጣ ይቆጣ።

ከዚያ፣ በዚያው ቀን መሆን የለበትም፣ ስለ ዘፈኑ ጠይቂው። የምትጠይቂው ግን እምቢ ማለት የሚችልበት ጥያቄ ይሁን። «ሃያ ሰው ለፍቶበታል፣ ቅር ይልሃል እንዴ?» ካልሽው አስገድደሽዋል። ይልቅ «ምን እንዲሆን ትፈልጋለህ? የምትለኝን ይዤ ነው አዘጋጁ ጋ የምሄደው» በዪው። ይሄን ስትዪ ከልብሽ መሆን አለበት። ስለዚህ ከመሄድሽ በፊት ለብቻሽ ሆነሽ ራስሽን ጠይቂ፣ ይውጣ ቢለኝ አወጣዋለሁ? እውነተኛ መልስሽ «አላወጣውም» ከሆነ፣ ምን ድረስ መሄድ እንደምትችዪ በግልጽ ንገሪው እንጂ የሌለ ምርጫ አትስጪው። ደግሞ በማውጣትና በማስቀረት መሀል ብዙ ነገር አለ። ቃላቱን መቀየር ይቻላል፣ የሱን ዓረፍተ ነገር ትታችሁ ሌላ ዓረፍተ ነገር፣ ዜማው እንዳለ ሆኖ። መስታወቱ ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል። ጓደኛሽ ዜማው ካልተነካ ግጥም መቀየር የሚከብደው አይመስለኝም።

«ግድ የለም፣ ይቀጥል» ቢልሽስ? ደስ ይበልሽ፣ ግን ከሁለት ሳምንት በኋላ አንዴ ደግመሽ ጠይቂው። እንዳንቺ ያለች እህትን ላለማሳዘን ወንድም ብዙ ነገር ግድ የለም ይላል። ከተስማማ ደግሞ ከሥራው ምን ድርሻ እንዳለው አንሺለት፣ ምስጋናም ይሁን ገንዘብ፣ ስሙ ሳይጠራ ቢፈልግ ሳይጠራ። «ኤ ኮረስ ላይን» የተባለውን ትልቅ ሙዚቃዊ ቲያትር ታውቂው ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1974 ዳንሰኞች ተሰብስበው የልጅነታቸውንና የጉርምስናቸውን ታሪክ በቴፕ ቀዱ፣ ያንን ታሪክም በ1 ዶላር ፈርመው ሰጡ። ቲያትሩ ብሮድዌይ ላይ ከ1975 እስከ 1990 ድረስ 6,137 ጊዜ ታየ። ከገቢው ድርሻ የተደረገላቸው በኋላ ነው። የሰው ሕይወት መድረክ ላይ ሲወጣ ይሄ ጥያቄ ሁሌም ይነሳል፣ ስለዚህ አንቺ ቀድመሽ ብታነሺው ጥሩ ነው።

ጭራሽ ማውራት ካልፈለገ አትጫኚው። ዘፈኑ አይርዘም፣ አይደገም፣ ማስታወቂያው አይውጣ፣ አንቺም ጠብቂ።

አንድ ነገር ግን ሳታልፊ ጠይቂው። አሁንስ እንዴት ነው? ያ የ15 ዓመት ልጅ ዛሬ ሰው አለው? በዚያ ቲያትር ምክንያት የድሮው ነገር ተቀስቅሶበት ይሆናል፣ ወይም ጭራሽ አላለፈለትም ይሆናል። ተስፋ መቁረጥ የሚመስል ነገር፣ ወይም ራሱን ስለመጉዳት የሆነ ነገር ከተናገረ ቀለል አድርገሽ አትዪው፣ ብቻውንም አትተዪው፣ አብረሽው ሆነሽ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ጋ ሂዱ። ያ ሲሆን የቲያትሩ ጥያቄ ሁሉ ወደ ኋላ ይቆይ።

እንግዲህ ነገ አዘጋጁ ጋ ደውዪና የአንድ ሳምንት ቀነ ገደቡን ወደ ሦስት ሳምንት አስገፊው። የዘፈኑን መጨረሻ ለመሞከር ጊዜ ያስፈልገናል በዪው፣ እውነትም ያስፈልጋችኋል። ወንድምሽን ደግሞ በዚህ ሳምንት አግኚው። ካወራችሁ በኋላ ቲያትሩን እንደገና ላየው ካለ፣ ለመውጣት እንዲመቸው ዳር ላይ ያለ ወንበር ያዢለት። መጋረጃ ጀርባ አትሁኚ ያን ዕለት። አጠገቡ ተቀመጪ፣ ዘፈኑ ሲመጣም የመጀመሪያው ቀን ፈርተሽ ያላየሽውን ፊቱን እዪው።